መግረፊያ

የትርንጎ ጥፍር በሚኒባስ በር ላይ የቀረ ዕለት፣
ፍራንኮ ዝም አለ፤ ክራሯ ግድግዳ ላይ ዋለ፣ ስድስት ሌሊት።
"ጥፍር እስኪበቅል ሰው ምን ይበላል?" አለችኝ መጥታ፣
የተጠቀለለ ጣቷን ጠረጴዛዬ ላይ እንደ ሒሳብ ዘርግታ።
"አንቺ ቁልፍ ትቀርጫለሽ፤ ለኔም ጥፍር ቅረጪ፤
ገንዘቡን በኋላ፣ ሥራውን አሁን አምጪ።"

እኔ የማውቀው ቁልፍ ነው፤ ጥርሱ ይገጥማል፣ ወይ አይገጥምም።
ሞረዴ ባቲን ከአምባሰል አይለይም።

መጀመሪያ የጀሪካን ክዳን ቆረጥኩ፣ ቢጫውን፣ የዘይቱን፤
አውታሩን ላሰው እንጂ አላነሣም ድምፁን።
ቀጥዬ ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ፣ በሦስት ማዕዘን፤
ጠቅ ጠቅ አለ፣ እንደ ገንዘብ ማሽን።
"ይሄ ብር ይቆጥራል" ብላ ሣቀች፤
ጣቷን ሲያማት ሣቋን ዋጠች።
ከዚያ ቀንድ፣ ከቄራ። ቀቀልኩት፣ ላግኩት፣
በብርጭቆ ወረቀት ሦስት ማታ አሸሁት፤
እንደ ጥቁር ምስር አበራ። በአራተኛው ቀን
ስድስተኛው አውታር ላይ ለሁለት ሲሰነጠቅ ሰማሁት።

በደረሰኝ ጀርባ ሣልኩ፦ ጫፉ የሽንብራ አፍንጫ፣
ወገቡ ለአውራ ጣት ጎድጎድ ያለ መቀመጫ፣
ሥሩ ወፍራም፣ እየሳሳ የሚሄድ፣ የሚታዘዝ፣ ግን ያልለዘዘ።
ነፋስ ነጠቀኝ ወረቀቱን፣ በቦኩ በኩል አቧራ እንደያዘ።
ኮረብታው ላይ ነጫጭ ክንፎች ይሽከረከራሉ፤
ለነሱ ነፋስ እንጀራ ነው፤ የኔን ግን ይበላሉ።

ቤት ስገባ አባቴ ደቻሳ ደጃፍ ተቀምጧል፤
ጋሪው ከአስፋልት ከተባረረ ወዲህ መቀመጥ ሥራው ሆኗል።
ከጀርባው፣ ምስማር ላይ፣ ጅራፉ፤
ከፖስታ ቤት እስከ ወንጂ መገንጠያ ሃያ ሁለት ዓመት የጮኸ፣
ዛሬ ሸረሪት ያደራበት አፉ።
ላብ የጠጣ፣ ስብ የበላ፣ ፀሐይ ያለፋው ቆዳ፤
ሥሩ ወፍራም፣ ጫፉ ስስ፤
ስንት ወረቀት ላይ የፈለግኩት ልክ፣ ተሰቅሏል እንደ እንግዳ።

"አባ፣ ከጫፉ አንድ ጣት ልቁረጥ?"
ባጃጅ ጮኾ እስኪያልፍ ጠበቀ።
"ለምን?"
"ለክራር መግረፊያ።"
ቃሉን አላመጠው። "እሱማ ድሮም መግረፊያ ነው" አለ።
ከዚያ፣ ሳልጠይቀው፦
"ዳማን ነክቼበት አላውቅም። አየሩን ነበር የምገርፈው፤
ፈረስ ድምፅ ይበቃዋል።"

እኔ ግን ዳማን ያጠብኩ ልጅ ነኝ። በቀኝ ጎኑ
ጠጉር የማይበቅልበት ሰንበር ነበረ፣ አንድ ስንዝር፣ ቀጭን።
አልተናገርኩም። የሽማግሌ ቃል ሁሉ አይሞረድም፤
ጥርሱ ባይገጥም በሩን ትተሽ ታልፊያለሽ እንጂ አትሰብሪውም።

በምላጭ ቆረጥኩ፤ ጉንጉኑን ፈታሁ፤ ሁለቱን ደርቤ
በሞርሳ አሳደርኩ፣ በሙጫ አጣብቄ።
አፍንጫውን አወጣሁ። በወስፌ በስቼ ክር አሰርኩበት፣
ምናልባት ሞቅ ሲላት ከእጇ እንዳይወድቅባት።

ዓርብ ማታ መጣች። ፋሻው ተፈቷል፤ ጥፍሩ ገና ጭላንጭል።
አሸተተችው። "ፈረስ ፈረስ ይላል።"
ከዚያ ገረፈች፤
አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ላይ፣ ስድስቱን ባንዴ፤
ያልተቀረጹት ቁልፎች በየምስማራቸው ተንቀጫቀጩ፣
ገና በር የሌላቸው ሁሉ።

ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ሲባል ነው ያደግኩት።
ያን ማታ ገራፊው ዝም አለ፤
የጮኸው ሌላ ነው፣ ለስንት ዓመት የዘገየ።

ቀና ስል አባቴ የሱቄ በር ላይ ቆሟል፤
በምላሱ "ች፣ ች" ይላል፣ ዳማን ዳገት ላይ እንደሚያባብል፤
እጁ የገዛ ቀኝ ጎኑን ያሻል፣
አያውቀውም።

"ትንሽ ይሻክራል" አለች ትርንጎ።
ሞረዴን አነሣሁ።
"ተዪው" አለ አባቴ ከደጅ፤
"እሱ ነው የሚናገረው።"