ተረኛ

ዮቅንዓም ላይ፣ ከቀርሜሎስ ግርጌ፣ ከመስታወት ሕንፃ በር፣
የሌሊት ተረኛ ነኝ፤ አንድ መዝገብ፣ አንድ ወንበር።
ቴርሞሴ ውስጥ ሻይ፣ ኪሴ ውስጥ ስልክ፣ ከሸለቆው ጉም ሲወጣ፣
መኪና እቆጥራለሁ፣ የገባ፣ የወጣ።

በመጣሁ በሳምንቱ የክሊኒኳ ጸሐፊ፣ በመስኮት ቀዳዳ፣
"ቶር አለህ?" ብትለኝ፣ ክው አልኩ እንደ እንግዳ፤
"ጦርስ የለኝም እመቤት፣ ዱላዬንም መጣሁ ትቼ"
አልኳት፣ ሰላማዊ ነኝ ለማለት፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ።
ለካስ ቶር ማለት ተራ ነው።
ተራማ፣ ከሀብቴ ሁሉ ያልተወሰደብኝ እሱ ነው፦
አሥራ ሁለት ዓመት ጎንደር፣ ስም ሲነበብ ቆሜ፣
የሁሉም ስም ተጠርቶ፣ ሲታጠፍ ወረቀቱ ከነስሜ።

አራተኛ ፎቅ ላይ ስድስት ልጆች ጨዋታ ይሠራሉ፤
ሊነጋጋ ሲል ዓይናቸው ቀልቶ፣ የፒዛ ካርቶን ታቅፈው ይወርዳሉ።
አንድ ሌሊት አለቃቸው፣ ኤላድ፣ ሞሪያን አስከትሎ መጣ
(የእኛው ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ከእናቷ ኩሽና ያልወጣ)።
"ይሞክሩልን ነው የሚለው፤ የምንፈልገው ተራ ሰው ነው" አለች።
"እሱማ ነኝ፣ በሰሙም በወርቁም" አልኳት፤ ሳይገባት ሳቀች።
ፊደል ሲጠፋት እናቷን በስልክ እየቀሰቀሰች፣
የስክሪኑን ጽሑፍ ሁሉ ለእኔ ስትል በአማርኛ ለወጠች።

ኩባንያ ትከፍታለህ። አንዱ ተራ አንድ ወር ነው።
ገንዘብህ ስድስት ወር ያራምዳል፤ ከዚያ ወዲያ ጸሎት ነው።
ሌላው ሰው ገና በአንደኛው ተራ ፕሮግራመር ይቀጥራል፣
ሶፋ ይገዛል፣ ማስታወቂያ ይለቃል፣ ባለሀብት እራት ይጋብዛል።
እኔ አንድ በር ገዛሁ። በሩ ላይ አንድ ዘበኛ፤
ደመወዙን አስቀድሜ ከፈልኩት፣ እሱም የሌሊት ተረኛ።
ከዚያ "እለፍ" የሚለውን ነካሁ። ወሩ አለፈ።
እንደገና እለፍ። ተፎካካሪዬ ተበደረ፣ ሰፋ፣ ገዘፈ።
እለፍ።

"ምን እየሠራህ ነው?" አለ ኤላድ።
"እየጠበቅሁ።"
"መጠበቅ ስልት አይደለም።"
ዝም አልኩ። አሥራ ሁለት ዓመትን በዕብራይስጥ ማለት አላውቅም።

በአሥራ አንደኛው ወር የገዘፈው ወደቀ፤ ወንበሮቹን በርካሽ ገዛሁ።
ኤላድ ራሱን ያዘ። "ሚዛኑ ተበላሽቷል" አለ።
በማግስቱ ሕግ ጨመሩ፦ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያለፈ፣ ተሸነፈ።
አልከፋኝም። ተራ ይዤ ሕግ ሲለወጥብኝ ይህ ስንተኛዬ ነው።

ከዳስ በዓል በኋላ፣ በአንድ ዝናባማ ማክሰኞ፣ ወንበሮቹ ወረዱ።
የእውነቶቹ።
ከበሩ የሚወጣ ዕቃ መዝገብ ላይ ይሰፍራልና ጻፍኩ፦
ወንበር ስድስት፣ ስክሪን ዘጠኝ፣ ማቀዝቀዣ አንድ፣
የደረቀ ተክል ከነሸክላው።
ኤላድ ፈረመ። ብዕሬን መመለስ ረሳ።
እኔ ወንበር ላይ ቁጭ አለ፣ ዝናቡ እስኪያባራ፤
እኔ ቆምኩ። ለምጄዋለሁ። አሁን የእሱ ነው ተራ።

ሌሊት ሌሊት ስልኬን ስከፍት ጨዋታው አሁንም አለ፤
ወዲያ ማዶ ግን ማንም የለ።
ሞሪያ አንዲት ፊደል እንደሳተች፣
"የተጋጣምህ ተራ ነው። ጠብቅ" ይላል።

በሩን ገፋ አድርጌ አየሁት። ተቆልፏል።
እሺ።
እጠብቃለሁ።