አይሰበርም

ከግሽ ዓባይ በታች፣ ከባጃጆች ተራ፣
እንዳላማው ቆሟል መነጽር ደርድሮ፣ አላፊውን ሲጣራ፦
«ቢወድቅ አይሰበርም፣ ቢረገጥ አይጎብጥም፣
በድንጋይ ቢፍቁት ጭረት አያወጣም፤
ለሐይቅ ነው፣ ለዳገት፣ ለመንገደኛ ሰው፤
ከተሰበረብህ፣ ብርህን ና ውሰደው!»

እኔ ደግሞ ሰው ነኝ በአፍ የማልሸነፍ፤
ሰባት ዓመት ሙሉ በሞተር ጀልባዬ ወደ ዘጌ ሳልፍ፣
ስንቱ «ጠንካራ» ዕቃ እጄ ላይ ሟሸሸ፣
የስንቱ «ኦሪጅናል» ቀለም ባንድ ዝናብ ሸሸ።

ስለዚህ ፈተንኩት።

መጀመሪያ ጣልኩት ከወደቡ ድንጋይ፤
ነጠረ፣ ተንጋለለ፣ ሰማይ ሰማይ ሲያይ።
ቀጥሎ ተቀመጥኩበት፣ ያላየሁት መስዬ፣
ሰባ ስምንት ኪሎ ክብደቴን ጥዬ፤
ጎበጠ።
ስነሣ ቀና አለ።
ለባጃጅ ነጂው ለአያልሰው «እለፍበት» አልኩት፤
ሳቀብኝ። አለፈ። ካቧራው አነሣሁት፤
በሸሚዜ ጫፍ ስጠርገው፣ ፊቴን
እዚያው እንደነበረ፣ ሳይሰነጠቅ አገኘሁት።
በተውሶ ብስክሌት ቤዛዊት ወጣሁ፣
ቁልቁል ለቀቅኩት፣ ነፋስ እየጠጣሁ፤
እንባ የለ፣ ትንኝ የለ።

የቀረው አንድ ፈታኝ፦ አባቴ።

አባቴ ቸኮል ነው፣ ስሙን የማይመስል፤
አንድ መረብ ሲያበጅ አንድ ቀን የሚውል።
አርባ ዓመት ጣና ላይ፣ ፀሐይ ከላይ ስታነድ፣
ያችው ፀሐይ ደግሞ ከውሃው ስር ስትማግድ፣
ከቀኝ ዓይኑ ጥግ ላይ ሥጋ በቅሎበታል፤
ነጭ፣ እንደ ዓሣ ስብ፤ ነፋስ ሲነካው ይቀላበታል።

«የጎረምሳ ነው» አለኝ። አጠለቀው ግን።
ታኅሣሥ ነበር፣ ከደንገሉ ጥግ ውሃው የጠራበት፤
ጐንበስ ብሎ አየ።
የሐይቁ ብልጭታ፣ ያ የዘላለም መጋረጃ፣ ተገለጠለት።
ቀረሶው በመንጋ፣ አምባዛው ጺሙን ደለል ላይ ሲጎትት፣
የጠፋች መልሕቁ፣ ከዓምና ወዲያ የረገማት።
ሞተሩን አጠፋሁ።
ብዙ ቆየ።
«ለካ» አለ፣ «ለካ እነሱ አርባ ዓመት ሲያዩኝ ነበር።»

አንዲቱን ሊከተል ይበልጥ አጎነበሰ፤
መነጽሩ ከጆሮው ሾልኮ፣ ወደ ውሃው ገሠገሠ፤
እየሰጠመ እንኳ፣ ፀሐይ ስታገኘው፣
አንድ ጊዜ ጠቀሰን።

በማግስቱ ገበያ፣ እንዳላማው አየኝ፤
እጁን ኪሱ ከትቶ፣ «ተሰበረ?» አለኝ።
«አልተሰበረም።»
«ተጫረ?»
«አልተጫረም።»
«ታዲያ የት አለ?»
«ጣና ውስጥ። ደኅና ነው።»
«አይሰበርም አልኩህ» አለ፣ «አይሰምጥም መቼ አልኩ?»
እውነቱን ነው። ብሬን ቆጥሬ፣ ሌላ መረጥኩ።
«ገመድ አለህ ወይ፣ ካንገት የሚታሰር?
ጠበቅ ያለ ይሁን። ቶሎ በል፣ አትደርድር፤
ሽማግሌው ሳይነጋ ወደቡ ላይ ቆሟል፤
ስሙን ያልመሰለው ሰው፣ ዛሬ ቸኩሏል።»