መጋጠሚያ

አባቴ ሐረጎን በፊያቱ ሲወርድ፣
አፋፉ ላይ ቆሞ፣ ሳይቸኩል ለመንገድ፣
ጎማውን በብረት አንድ ባንድ ይመታል፤
ጆሮውን ዘንበል አርጎ ድምፁን ያዳምጣል፤
«አብሽሩ» ይልና ማርሽ ቀንሶ ይነዳል።

እኔ ሞተር አልሠራም።
ፓምፑ የፋንታዬ፣ የእሳቱ ክፍል የሙሄ፣
ቫልቩ የከዲጃ፣ የዝምተኛዋ የሐይቅ ልጅ፤
የኔ ድርሻ በመሀል ነው፤
ያንዱ መውጫ ለሌላው መግቢያ የሚሆንበት፣
ማንም «የኔ ነው» የማይላት የጸጉር ስንጥቅ ቦታ ናት።
አንገቴ ላይ ያለው ካርድ «ዋና የሥርዓት መሐንዲስ» ይለኛል፤
እናቴ «ሮኬት ትገጥማለች» ብላ ስላወራች
ጎረቤቱ ለሠርጉ ግጥም ያዘኛል።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ከቦርከና ማዶ፣
እንግዳው ጥላ ሥር፣ ጆሮውን በስፖንጅ ደፍኖ ተኮልኩሎ፣
ቆጠራው ዜሮ ሲል ነበልባሉ ወጣ፣ አየሩ ላይ ተተክሎ፤
የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ መስኮት ተንቀጠቀጠ።
አንድ። ሁለት።
ሦስት ሳይሞላ፣ ከጩኸቱ ሆድ ሌላ ድምፅ አመለጠ፦
ነፋሱ የጎደለ ጎማ፣ በብረት ሲመታ።
«ዝጉ!» አልኩኝ።
ጸጥታ።
ቦርከና ብቻ በድንጋዩ መሀል እንደ ወትሮው ሲወርድ፤
አንዱ እንግዳ፣ ጆሮው እንደተደፈነ፣ «አለቀ እንዴ?» ብሎ ሲጮህ።
ከዲጃ ቫልቩን አየች።
ሰው ሁሉ ከዲጃን።

ሌሊቱን ደሴ፣ ሙጋድ፣ የጦሳ ጉም መስኮቴን እየዳበሰ፣
የቁጥሩን መስመር በጣቴ ተከተልኩ፤
ሻዬ በረደ፣ መብራት ሄዶ ተመለሰ።
ቫልቩ አርባ ሚሊ ሰከንድ ዘግይቷል፤ እውነት ነው።
ግን ፋንታዬ ግፊቱን ሲለካ
ከዚህ አየር በላይ ያለውን ነው የጻፈው፤
ከዲጃ ከባዶ ጀምራ ነው የቆጠረችው።
ሁለቱም ልክ ናቸው።
በመሀል የወደቀው የኮምቦልቻ አየር ነው፣
ሁላችን የምንተነፍሰው፣
አንዳችንም ያልመዘነው።
ገጽ አርባ አንድን ገለጥኩ። «ታይቶ ጸድቋል» ይላል፤
ከሥሩ የኔ ፊርማ ጭራውን ቀስሮ ተኝቷል።

ሲነጋ በሚኒባስ ሐረጎን ወረድኩ።
አፋፉ ላይ ሾፌሩ አልቆመም፤
እኔ ግን ከልማድ ጆሮዬን ዘንበል አደረግኩ።
«ከዲጃ፣ አንቺ አይደለሽም» ለማለት፣
ሰው ሁሉ ባያት ቦታ፣ ሰው ሁሉ በሚሰማበት፣
በየመታጠፊያው ሞከርኳት፤
አጭር ናት፣ ግን አልገጥም አለችኝ።
ረዳቱ ትከሻዬን ነክቶ
«እህቴ፣ ሒሳብ» አለኝ።