በቀኑ መጨረሻ

ሽምብጥ ትምህርት ቤቱ፥ አምስተኛ ክፍል ውስጥ፥
የሕፃን ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ፥
ገባሁ በአርባ ሦስት ዓመቴ፥ ከቀረሶ ቅርፊት
ያልተላቀቀውን ደብተሬን አቅፌ።
ግድግዳው ላይ ያለው የማባዣ ሰንጠረዥ
«ምን ልትሠሪ መጣሽ?» የሚለኝ መሰለኝ።
በቁጥር አልታማም፤
ቃል ነው የጎደለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኔ መጀመሪያ
ዓሣ አስረክበናል፥ ሁለት መቶ ኪሎ፥
ሚስተር ኖርማን ለሚሉት ለባሕር ማዶ ገዢ፤
ብሩን ስንጠባበቅ ኢሜይል መጣ ቶሎ።
መዝገበ ቃላቴን ገልጬ፥ ቃል በቃል
ስፈታው አምሽቼ ይህን አገኘሁኝ፦
«በቀኑ መጨረሻ ባንድ ጀልባ ላይ ነን።»
እኔ፥ የማኅበሩ ሒሳብ ያዥ አንጓች፥
ቀጠሮ መሰለኝ።

በማግስቱ ማታ ወደቡ ላይ ቆሜ፥
ስልኬን እንደ ጫጩት በመዳፌ አሙቄ፥
በየጀልባው አፍንጫ የፈረንጅ ኮፍያ
ስፈልግ አመሸሁ አንገቴን አስግጌ።
ፀሐይ ከዘጌ ማዶ ወርዳ ተሰወረች፥
ጀልባው ሁሉ ገባ፤
ቀኑም ተጨረሰ፥
ብሩ ግን አልገባ።

አስተማሪያችን ልጅ ነው፥ አዱኛው ይባላል፤
አባቱ ደንገል አሥሮ ታንኳ የሚሠራ፥
እሱ ደግሞ ቃልን ከቃል እያሠረ
ይንሳፈፍ እንደሆን የሚያይ በየተራ።

መጀመሪያው ሳምንት ማንም ሳይነጋገር፥
የባንክ ቤቱ ልጅ ብቻ ክራቫቱን ሲነካካ፥
አዱኛው ሰሌዳው ላይ «ብሬክ ዘ አይስ» ጻፈ።
«በረዶውን ስበር። ምን ማለት ነው?» ሲለን፥
እጄ ወጣ ሳላውቀው።
«ይሄማ ሥራዬ ነው» አልኩት፥ «በየጠዋቱ!
መጋዘን ገብቼ በመዶሻ ስቀጠቅጥ፥
ለቀረሶው ሳነጥፍ፥ አምባዛውን ሳለብስ፥
ጣቴ የኔ አይመስለኝ እስከ ረፋድ ድረስ።
ዶማ ደግሞ አይሆንም፥ በረዶው ይረጫል፤
በጎኑ ነው የሚመታ፥ ቀስ ተብሎ፥ ቀስ ተብሎ።»
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።
ክራቫቱን ፈታ ያ የባንክ ቤቱ ልጅ።
አዱኛው ጠመኔውን አስቀምጦ አየኝና
«በቃ» አለ፥ «ተሰበረ፤ ትርጉሙ ይሄው ነው እንጂ።»

ከዚያ ወዲያ መብራት ቢጠፋም አንበተን፥
በስልክ ብርሃን ዙሪያ ቃል እንገነጥላለን።
«የጥሬ ገንዘብ ላም» የተባለ ማታ
መርጊያው፥ ባለ ባጃጁ፥ ከኋላ ተነሥቶ
«አውቃታለሁ» አለ፥ «የኔዋ ሰማይ ናት፤
ወተቷን አላይም፥
ወለዷ ግን እዚህ፥ ከኔ ነው የሚታለብ።»
«ራስን ከውሃ በላይ ማቆየት» ሲባል
ስማቸው ዝም አለ።
መረቡን እንቦጭ የወሰደበት ሰው
ለዚህኛው ፈሊጥ ትርጉም አልጠየቀም።

«የሞት መስመር» ሲሉ የማስረከቢያ ቀን ነው፤
«ቀይ ውስጥ ነን» ሲሉም ደም አይደለም፥ ኪሳራ።
«በቀኑ መጨረሻ»ስ? ወይ እኔ ሞኝቱ!
«ዞሮ ዞሮ» ማለት ነው፤ ፀሐይን አያውቃት፥
ወደብ የለው፥ ሰዓት አይጠራ።
በ«ዞሮ ዞሮ» ነው ያን ማታ የቆምኩት
ከውሃ አሞሮች ጋራ።

ነሐሴ ላይ ታዲያ እኔው ጻፍኩለት፦
«ውድ ሚስተር ኖርማን፥
የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው።»
ቃል በቃል ገለበጥኩት፥ ምንም ሳላብራራ።
አዱኛው አነበበ፥ ከንፈሩን ነከሰ፥
አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብቻ አረመልኝ።
በሁለተኛው ቀን ፈረንጁ መለሰ፦
«ይቅርታ፥ አልገባኝም፤ ምን ማለትዎ ነው?»
እሱም በተራው መዝገበ ቃላት ሲያገላብጥ
ታየኝ፤ እሱም አንድ ወደብ ላይ ቆሞ።
ደስ አለኝ፥ አልዋሽም።
«ኳሷ» ብዬ መለስኩ፥ «እርስዎ ሜዳ ላይ ናት።»

መስከረም ጠባና ግማሹ ብር ገባ።
ሌላው ግማሽስ? ስል፥
«ለጊዜው» ይላል ኢሜይሉ፥
«በረዶ ላይ ነው ያስቀመጥነው።»

መዝገበ ቃላቴን አልገለጥኩም ዛሬ።
በረዶን አውቃለሁ።
መዶሻዬም ያው፥ ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል።