ያልተቆጠረ ሰዓት

እኔ ሰዓት ጸሐፊ ነኝ፣ በቺታጎንግ ውጭ መልሕቅ፤
መርከብ ከወንዙ አፍ ስትቆም፣ ሥራዬ ደቂቃ መጠበቅ።
ሆዷ ለካርናፉሊ ከብዶ፣ ወንዙ አላስገባም ሲላት፣
ስንዴዋን በትንንሽ ጀልባ፣ ማዕበል ላይ ነው የምንቀንስላት።

«ደርሻለሁ፣ ዝግጁ ነኝ» የሚል፣ ካፒቴኑ ወረቀት ሲልክ፣
ከስድስት ሰዓት በኋላ፣ ይጀምራል የጊዜው ልክ።

የዚያች መርከብ ስም አንቴያ፤ ሃምሳ ሁለት ሺህ ቶን ስንዴ፤
«ይህን ያህል ነው ተብሏል» ይላል ሰነዷ፤ ማን መዘነው እንዴ?
«ተብሏል» ብልጥ ቃል ነው፤ ማንንም ለዳኛ አያሲዝ፣
አላየሁም አልመዘንሁም እያለ፣ ባሕር አቋርጦ የሚጓዝ።

ከተፈቀደው ቀን ካለፈ፣ ተከራይ ዲመሬጅ ይቀጣል፣
ለአንድ ቀን አሥራ ስምንት ሺህ፣ በዶላር ቆጥሮ ያወጣል።
ዓርብ አይገባም፣ በዓል አይገባም፣ ዝናብ የነካውም አይገባ፤
ስለዚህ በእኛ ወደብ ክረምት፣ ለአንዱ ሲሳይ ነው ለአንዱ ዕንባ።

ያን ቀን ግን አልዘነበም።
ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፣ አልዋሽም፤
ከኮክስ ባዛር በኩል እየጎተተ መጥቶ
አናታችን ላይ ቆመ እንጂ አልወረደም።
ሞታሌብ ሦስተኛው ቋት ውስጥ ነበር፣ አካፋ ይዞ፣
ከብረቱ ግድግዳ የተጣበቀውን እየፋቀ ወደ መሐል ሊመልስ።
የስንዴው ተራራ ተናደ።
ጩኸት የለውም ስንዴ ሰው ሲውጥ፤
ሽ... ይላል፣ ልክ እንደ ዝናብ።

የክሬኑ መንጋጋ አየር ላይ እንደተከፈተ ቀረ።
ሃያ ሰው በባልዲ፣ በጆንያ፣ በመዳፍ ቆፈረ።
መጀመሪያ ያገኙት ባለ ቀይ መስመር ፎጣውን ነው፣
ከዚያ እጁን፤
ከዚያ ጆሮው ውስጥ ስንዴ፣ ጥርሱ መሐል ስንዴ።

ከቀኑ ስምንት ከአሥር እስከ አሥር ከሃያ አምስት።
መዝገቤ ላይ ባዶ መስመር።

የተከራዩ ወኪል ዋሂዱዛማን በሞተር ጀልባ መጣ፤
ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ በገመድ መሰላል ወጣ።
«ምን ብለህ ሞላህ?»
«ገና ነኝ።»
«ዝናብ በል» አለኝ በቀስታ፣ «ዝናብ ዘመድ የለው፣ አይከስ።»
የልጆቼን የትምህርት ቤት ክፍያ ያውቃል። ስማቸውንም ያውቃል።
ጻፍሁ። ዝናብ።

ካፒቴን ቫሲል አነበበው፤ ሰማዩን አየ፣ ደረቁን ወለል አየ፣
«በተቃውሞ ፈርሜያለሁ» የሚል ማኅተም መታበት።
ልቤ ዘለለ፤ አንድ ሰው ተገኘ እውነቱን ያየ!
ኋላ ነው የገባኝ፣ ሙግቱ ለሁለት ሰዓት ከሩብ መሆኑ፤
አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሰማንያ ሰባት ዶላር ከሃምሳ ሣንቲም፤
ስለ ሞታሌብ ከሁለቱ ወገን የተቃወመ የለም።

ለሚስቱ ለሮሜላ ሃያ አምስት ሺህ ታካ ወሰዱላት፣
ከቋቱ ወለል የተጠረገ አንድ ጆንያም ጨመሩላት።
ስንዴ!
ፈጨችው ይሆን? ሸጠችው ይሆን?
ለመጠየቅ ሁለት ጊዜ እስከ በሯ ሄጃለሁ።

በመርከብ ሰዎች ዘንድ የታወቀ አንድ ሕግ አለ፤
አንዴ ዲመሬጅ የገባ፣ እንደገባ ቀረ፣ እየተቆጠረ ዋለ።
ከዚያ ወዲያ ዝናብ አያቆመው፣ ዓርብ አያሳርፈው፤
ቆርቆሮ ጣሪያዬን ክረምት ሌሊቱን ሙሉ ሲገርፈው
ተኝቼ እሰማዋለሁ፣ ሽ... ይላል፤
የእኔ ሰዓት ይቆጥራል።

ሰኞ ሌላ መርከብ መልሕቅ ጣለች፤ ሙሉ ማዳበሪያ።
«ዝግጁ ነኝ» አለች በወረቀት።
ብዕሬን አራግፌ የደረሰችበትን ጻፍሁ፦
ከጠዋቱ ሦስት ከአርባ ሁለት።
ነፋስ ከደቡብ። ሰማይ ጥርት ያለ።
ሁለት ጊዜ ቀና ብዬ አይቼ ነው የጻፍሁት።