በእርሳስ ጻፊው

«በእርሳስ ጻፊው፣ አንሻ፤ ቀለም ውሃ ይፈራል፤
ላስቲኩ ሲረጥብ ሳይነበብ ይቀራል»
ትለኛለች ሙዝና፣ ቦቲዋ ጭቃ ጠጥቶ።

ከሶሐር በላይ ነው፣ ዋዲው ሲወርድ ቀጥኖ፤
የመዳቡ ማቅለጫ ከተዘጋ ብዙ ዘመን ሆኖ፤
ጥቁሩ ዝቃጭ ግን ካለበት አልተነሣ፤
አላፊው ለምዶታል፣ መኖሩንም ረሳ።

ኸልፋን፣ የፈለጁ ውሃ አከፋፋይ፣
በብርጭቆ ቀድቶ፣ አንሥቶ ወደ ፀሐይ፦
«እዪው! እንደ ዓይን የጠራ፤ ምን እንከን ይወጣለታል?
አባቴ እስከ ዘጠና ይህንኑ ጠጥቶታል።»

እውነቱን ነው፤ ውሃ አላፊ መንገደኛ፣
ያየውን አይናገር፣ ቢያቆመውም ዳኛ።
ፊላ ግን ነዋሪ፣ ከጭቃው ያልወጣ፣
ከላይ የመጣውን ሳይጠይቅ የጠጣ።
ቅጠሉ ቢስቅም፣ ጥርስ ነው፣ ባዳ ነው፤
ሥሩን ነው የሚነቅል ጉዱን የሚሻ ሰው።

ሥሩን እኔ አጥባለሁ፣ ጭቃው እስኪለቅ፤
አድርቄ እፈጨዋለሁ፣ ዱቄቱ እስኪደቅ፤
ሙዝና በአሲድ ታሟሟዋለች፣ መነጽሯን አጥልቃ፤
ማሽኑ ፊት ታመሻለች፣ ቁጥሩን ጠብቃ።
መዳብ፣ ይህን ያህል።
ዚንክ፣ ይህን ያህል።
እርሳስ…
ዝም አለች።

እኔም ወደዚህ አገር በመጣሁ በሦስተኛው ቀን
ክንዴን በላስቲክ ጠፍረው የደም ሥሬን
ጠየቁት።
«ንጹሕ ናት» አለ ወረቀቱ፤ ማኅተም ተመታ።
ከዚያ ስምንት ዓመት በሰው ቤት በረኪና ሸተትሁ፤
ሳል ለመድሁ፣ ጥፍሬ ተላጠ፤
ሥሬን ግን ዳግመኛ የጠየቀ የለም።
መግቢያው ላይ ነው የሚለኩን፣
ከቆምንበት አይደለም።

ትናንት፣ በሩን ልዘጋ ስል፣ ኸልፋን መጣ።
እጁ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር፤
ከራሱ ቦይ አፍ የነቀለው ፊላ፣
ጭቃው ከነሥሩ፣ ገና ይንጠባጠባል።
ስለ አባቱ አላነሣም።
«ስንት ቀን ይፈጃል?» አለ።
«አራት» አልሁት።
የልጁ ልጅ ቤቱ እንደምታድግ አውቃለሁ፤
ወተቷን በምን ውሃ እንደሚበጠብጡ አልጠየቅሁትም።
ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ መብራቱን ሸሽቶ ወጣ።

ላስቲኩን ቆርጬ፣ እርሳሴን ቀርጬ፣
ስሙን፣ ቦዩን፣ ቀኑን ጻፍሁ።
እርሳስ፤ ስሙ «እርሳ፣ እርሳ» ይላል፤
ሥር ላይ የጻፈውን ግን ላጲስ አያነሣውም።
ውሃ የሚፈራ ቀለም ነው።