ሁለት ጉብታ

ሬሆቮት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣
ፓምፑ ያንኮራፋል፣ ሌላ ድምፅ አይሰማ።
በጣቶቼ መሐል ቁጥር አርባ አንድ ብልቃጥ፤
ስም አልተጻፈበትም፣ ዕድሜ ብቻ፦
ሰባ ስምንት።

ውስጡ ያለው ጠብታ ዓይን የነበረ ነው፤
ሞራ የጋረደው፣
ሐኪም በቀጭን መርፌ ፈጭቶ የሳበው፣
በጨው ውኃ አጥቦ ለእኛ የላከው።

የሌንስ ፕሮቲን ግትር ነው፣ አይታደስም።
ቆዳ ይላጣል፣ ይተካል ደምም፤
እሱ ግን በእናት ሆድ የተፈተለው ክር
እስከ መቃብር አፋፍ ያው ነው የሚኖር፣
ብርሃን ሲያሳልፍ፣ ጨለማም ሲቆጥር።

መጀመሪያ በሚዛን አኖርኩት።
ያ ሚዛን፣ የአንዲት ሃይድሮጅን ጉድለት የማያልፈው፣
«ከወጣት ዓይን ጋር እኩል ነው» አለኝ፣ «ልዩነት የለው።»
ዶክተር ራኬፌትም በቀን አይታው፣ «ንጹሕ ነው፣ መዝግቢው»
ብላ ቦርሳዋን አንግታ ሄደች።
እኔ ብዕሩን አነሣሁ፣
መልሼ አስቀመጥኩ።

አባቴ ጀምበሬ ሰው ሲወደስለት አይቸኩልም፤
«አብረሽው መንገድ ውጪ» ይላል፣ «በኪሎ ሰው አይታወቅም።»

መንገድ አወጣሁት።

በመስታወት መርፌ ጫፍ ጭጋግ ሆኖ ተነነ፣
ውኃው ከላዩ ረገፈ፣ ራቁት አዮን ሆነ።
ከፊቱ የክንድ ርዝመት ቱቦ፣ ናይትሮጅን የሞላው፤
ቮልቱ ከኋላ ሲገፋው ጋዙ ከፊት ይመታዋል።
ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሬሆቮትን ገበያ ያየ ያውቀዋል፦
ሻባት ሊገባ ሲል፣ ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ያ ሁሉ ዘንቢል!
ክንዱን የሰበሰበ ሹልክ ብሎ ያልፋል፣
ክርኑ የወጣበት ከዚህም ከዚያም ይላተማል፣
ይቅርታ ሲጠይቅ አውቶቡሱ ያመልጠዋል።
ሁለቱም ስድሳ ኪሎ ናቸው እንግዲህ።

ስክሪኑ ላይ አንድ ጉብታ ወጣ፤
ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ እንደ ተጠበቀው።
ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁ።
ያኔ፣ በስተቀኝ፣ ግማሽ ሚሊ ሴኮንድ ዘግይቶ፣
ሌላው መጣ ትከሻውን አሹሎ፣ ተጎንብሶ።

ቆሻሻ ነው አልኩ። ቱቦውን አጠብኩ፣ መርፌ ቀየርኩ።
ቁጥር ዘጠኝን ሰደድኩ፣ የሃያ ዓመት ልጅ፦ አንድ።
አርባ አንድን ሰደድኩ፦ ሁለት።
እንደገና፦ ሁለት።
ያው አቶም፣ ያው ቁጥር፣
ምንም አልተጨመረ፣ ምንም አልጎደለ፤
ከሰንሰለቱ አንዲት ቀለበት ብቻ
በዕድሜ ብዛት ወደ ሌላ ጎን ዞራ፣
እንደዚያው ተጣማ ቀርታለች።
ሚዛን ፊት እኩል ቆማ፣ መንገድ ላይ ተጋለጠች።

ሲነጋ፣ ኪርያት ሞሼ፣
አባቴ በረንዳ ላይ፤
ግራ ዓይኑ በፕላስቲክ ክዳን ተሸፍኖ፣
በቀኙ የጎረቤትን ልብስ ማስጫ ይሰልላል።
መታወቂያው ጃንዋሪ አንድ ይላል፣
አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አንድ የደከመው ጸሐፊ የሰጠው ልደት።
ሰባ ስምንትም ያው ጸሐፊ ያወጣው ሒሳብ ነው።

ስለ ሌሊቱ ነገርኩት።
ዝም ብሎ ሰማ።
«የእኔ ዓይን ይሆን?» አለኝ።
«ቁጥር ብቻ ነው አባዬ፣ የማንም ሊሆን ይችላል።»
«የእኔ ከሆነ» አለ፣ «ያ ጠማማ ቀለበት ዓመት ከቆጠረ፣
ጠይቂልኝ እስቲ፣
እኔ የተወለድኩት በክረምት ነው በበጋ?
እናቴ ጭቃ ነበር ትል ነበር፣
አክስቴ ደግሞ አቧራ።»

ይህንን መሣሪያው አያውቅም አላልኩትም።
አንገቱን ወደ ኋላ ደገፍኩ፣
ክዳኑን አነሣሁ፣
መድኃኒቱን ጨመርኩ፣ ሁለት ጠብታ፣
ከአንድ ብልቃጥ፣ እኩል።
አንደኛው ቶሎ ገባ።
ሁለተኛው ሽፋሽፍቱ ላይ
ጥቂት ቆየ።